ቫይረሱ ከወጣ በኋላ

የጽሑፍ ጠላት ዱሮም ብዙ ነበር። ምስጥ ሣጥኑን በስቶ ይገባል፤ አይጥ የብራናውን ጠርዝ ይቆረጥማል፤ ጣራው ያፈሰሰ እንደ ሆነ ቀይ ቀለሙ ከጥቁሩ ጋራ ይደባለቃል፤ እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ያበቃል። አባቶቻችን ከነዚህ ጠላቶች እያንዳንዱ የሚያደርሰውን ጉዳት ለይተው ስለሚያውቁ፣ አይጥ የቆረጠመውን በቁራጭ ብራና እየጣፉ፣ ውሃ ያደበዘዘውን ከሌላ ቅጂ እያመሳከሩ ያቃኑት ነበር። ለተቀደደው የሚሆነው መድኃኒት ለደበዘዘው እንደማይሆን ማንም የደብር ተማሪ ያውቀዋል።

በዛሬው ዘመን ጽሑፋችንን በብዛት የምናኖረው በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ሆነ ጠላቱም አብሮ ተለውጧል። ነገር ግን ጉዳትን ከጉዳት የመለየቱ ልማድ ከብራናው ጋራ የቀረ ይመስላል። በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች ዘወትር የምንሰማው አነጋገር «ፋይሌን ቫይረስ በላብኝ» የሚል ነው። ቫይረሱ ፋይሉን ደበቀው? ከላዩ ጻፈበት? ቆለፈው? ወይስ ጥቂት ነገር ጨመረበት? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባለቤቱ ወደ አንቲቫይረሱ ይሮጣል፤ አንቲቫይረሱም ጥቂት ሲያጉረመርም ቆይቶ «ጸድቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ባለቤቱም ጸድቷል ማለት ድኗል ማለት መስሎት ደስ ይለዋል። ፋይሉን ከፍቶ ሲያይ ግን አንዳንድ ጊዜ ደስታው ወዲያው ይጠፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት አንድ የቆየ ምሳሌ እንውሰድ። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1987 ቪየና የተባለ ቫይረስ ተነሥቶ ነበር። ርዝመቱ 648 ባይት ብቻ ስለ ሆነ፣ በፊደል ቢጻፍ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ይህ ቫይረስ አንድ ፕሮግራም ያገኘ እንደ ሆነ ራሱን ከፕሮግራሙ ጅራት ላይ ይቀጥላል። ቀጥሎም ከፕሮግራሙ ራስ ላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባይቶች ያነሣና በነሱ ፈንታ «ወደ ጅራቱ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ በተጠራ ቍጥር አስቀድሞ የሚሠራው ቫይረሱ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ እንዳይጠረጥር ፕሮግራሙም ተራው ሲደርስ መሥራት ስላለበት፣ ቫይረሱ ያነሣቸውን ሦስት ባይቶች አይጥላቸውም፤ በራሱ ሆድ ውስጥ ያኖራቸዋል።

የመድኃኒቱም ምሥጢር እዚሁ ላይ ነው። ጀርመናዊው በርንድ ፊክስ በዚያው በ1987 ይህን ቫይረስ የሚያስወግድ ፕሮግራም ሲሠራ፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ፈውስ አካሄድ ቀላል ነው፤ ሦስቱን ባይቶች ከቫይረሱ ሆድ አውጥቶ ወደ ቦታቸው መመለስ፣ ከዚያም 648ቱን ባይት ከጅራቱ ቆርጦ መጣል ነው። ፋይሉ አንዲት ነጥብ ሳትጐድልበት እንደ ዱሮው ይሆናል። ሌባው የሰረቀውን በኪሱ ይዞ በመያዙ ንብረቱ ለባለቤቱ ተመለሰ እንደ ማለት ነው። (ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ የያዘውን ፋይል ደግሞ እንዳይዝ ምልክት ያደርግበት ነበር፤ ምልክቱም የፋይሉን ሰዓት ሰከንድ 62 ማድረግ ነው። በማንም ሰዓት ላይ የሌለ ሰከንድ ለምልክትነት መምረጡ፣ የሠራውን ሰው ብናወግዘውም፣ ፈገግ ያሰኛል።)

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይኸው ቪየና ከሚደርስባቸው ከስምንት ፋይሎች አንዱን፣ እንደ ሌሎቹ በመያዝ ፈንታ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ባይቶች አጥፍቶ በቦታቸው ኮምፒዩተሩን እንደ ገና የሚያስነሣ ትእዛዝ ይጽፍበት ነበር። እነዚያን አምስት ባይቶች በሆዱም በሌላ ስፍራም አላኖራቸውም። እንግዲህ አንድ ቫይረስ በአንድ ቀን በአንድ ዲስክ ላይ ከነካቸው ፋይሎች ሰባቱ ፈጽመው ሲድኑ ስምንተኛው አይድንም። የአንቲቫይረሱ ብልኀት ለሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቫይረሱ የወሰደውን አኑሯል ወይስ አጥፍቷል በሚለው ላይ ብቻ ነው። አንቲቫይረስ የጠፋውን አይፈጥርም፤ ያለውን ፈልጎ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በ1994 ከወደ ስሎቫኪያ የተነሣው ዋን ሃፍ የተባለው ነው። ይህ ቫይረስ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር ከዲስኩ መጨረሻ ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ጥቂት ጥቂት እያለ በምሥጢር ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ባለቤቱ ግን ምንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ከተቆለፈው ክፍል አንድ ነገር ሲፈልግ ቫይረሱ ራሱ በመካከል ሆኖ እየፈታ ያቀርብለታል። ጽሑፉ ይከፈታል፤ ሒሳቡ ይሠራል፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የዲስኩ ግማሽ ከተቆለፈ በኋላ «ይህ ግማሹ ነው፤ ለመቀጠል አንድ ቁልፍ ተጫን» የሚል ቃል ያወጣል።

አሁን አንባቢያችን በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ቸኳይ የኮምፒዩተር ሠራተኛ ያስብ። ቫይረሱን አገኘው፤ የዲስኩን የመነሻ ክፍል በአንድ ትእዛዝ አጥቦ በንጹሕ ተካው፤ ቫይረሱም በርግጥ ጠፋ። ነገር ግን ቁልፉ ያለው በቫይረሱ ዘንድ ስለ ነበረ ቁልፉም አብሮ ጠፋ። ትናንት እየተፈታ ይቀርብ የነበረው ግማሽ ዲስክ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጕም የሌለው የቍጥር ክምር ሆነ። በሽታው ራሱ ያላደረሰውን ጉዳት ሐኪሙ በአንድ ትእዛዝ አደረሰው። በትክክል የተሠሩት መድኃኒቶች ግን ቫይረሱን ወዲያው አይገድሉትም ነበር፤ አስቀድመው ቁልፉን ይወስዳሉ፤ የተቆለፈውን ሁሉ በተቆለፈበት ቁልፍ ይፈታሉ፤ ቫይረሱን የሚነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው። ማጽዳትና ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ቅደም ተከተላቸውም የሞት የሽረት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላየንም።

ለኛ ለጽሑፍ ሰዎች ደግሞ የተለየ አስፈሪ የሆነ ሌላ ቫይረስ ነበረ። በ1996 የተገኘው ዋዙ የተባለው የሚይዘው ፕሮግራምን ሳይሆን በዎርድ የተጻፈን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በተከፈተ ጊዜ ዕጣ እንደ መጣል ያደርግና አንዲት ቃል ከቦታዋ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራል፤ ይህንንም እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ዕጣው የወጣ እንደ ሆነም «ዋዙ» የምትል ቃል አንድ ቦታ ላይ ጣል ያደርጋል። አንቲቫይረሱ መጥቶ ቫይረሱን ከጽሑፉ ላይ ይነቅለዋል፤ ጽሑፉም ጸድቷል ይባላል። የተዛወሩት ቃላት ግን እንደ ተዛወሩ ይቀራሉ። አንቲቫይረሱ ባለማወቁ አይፈረድበትም፤ «ዳኛው ተከሳሹን ነጻ አላለውም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አላለውም» ወጥታ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ብትገኝ ቦታዋን ሊያውቅ የሚችለው ደራሲው ወይም ጽሑፉን በቃሉ የያዘ አንባቢ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን ይቈጥራል እንጂ የቃልን ቤት አያውቅም። ምስጥ እንኳ የበላውን በልቶ የተረፈውን በቦታው ይተወዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ስለ ተነገረለት በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ ስለ ተነሣው «እወድሃለሁ» ስለ ተባለው ትል ባጭሩ እንለፍ። በደብዳቤ መልክ እየመጣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ትል፣ ፎቶግራፎችን ባገኘ ጊዜ በላያቸው ላይ የራሱን ጽሑፍ ይጽፍባቸው ነበር፤ ሙዚቃዎችን ባገኘ ጊዜ ግን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸውና በስማቸው የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል። ሁለቱም በባለቤቱ ዓይን ሲታዩ ጠፍተዋል። እውነተኛው ነገር ግን አንዱ ተፍቆ እንደ ተጻፈበት ብራና ሲሆን ሁለተኛው ከመደርደሪያው ወርዶ አልጋ ሥር እንደ ተሸጎጠ መጽሐፍ ነው።

አልጋ ሥር የመሸጎጡ ነገር በአገራችን ብዙዎች የሚያውቁት ነው፤ በፍላሽ ዲስክ የሚዛመተውና «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። በኢንተርኔት ቤቱ፣ በፎቶ ኮፒ ሱቁ፣ በየቢሮው አንዱ ፍላሽ ከብዙ ኮምፒዩተር ጋራ ስለሚገናኝ እንደ ጉንፋን ይተላለፋል። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው የአቋራጭ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ግን እዚያው አሉ፤ «የተሰወረ» እና «የሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ተለጥፈውባቸው ከዓይን ተሰውረዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት አንድ ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልለው ወደኛ መጡ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት ስለ ትውልድ ቀያቸው፣ ስለ ምንጮቹና ስለ ገበያዎቹ ስም፣ ስለ ቤተ ሰቦቹ የዘር ሐረግ በብዙ ዓመት ልፋት ያሰባሰቡት ጽሑፍ በዚያ ፍላሽ ላይ ነበረ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ለሙት ዓመታቸው አሳትመው ለዘመድ ሊያድሉ አስበው ወደ አንድ የሕትመት ሱቅ ቢወስዱት ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ቀስት ተለወጡ።

«ልጁ ምን አለኝ መሰለህ ልጄ፤ ‹እማማ፣ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ላድርግልዎትና ቢያንስ ፍላሹ ይትረፍ› አለኝ። ፍላሽ ልገዛ የሄድኩ መሰለው? ነጥቄው መጣሁ» አሉን።

«ደግ አደረጉ እትዬ፤ መጀመሪያ እንየው» ብለን ፍላሹን አስገባን። እኛ አስቀድመን ያየነው የፋይሎቹን ዝርዝር አልነበረም፤ ከፍላሹ ቦታ ምን ያህሉ እንደ ተያዘ ነው። ፋይሎቹ ተደምስሰው ቢሆን ቦታው ባዶ ሆኖ በታየ ነበር፤ ነገር ግን ብዙው ቦታ እንደ ተያዘ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ አልጋ ሥር ነው ያለው።

አንቲቫይረሱ ትሉንና ቀስቶቹን አወጣቸው፤ «ጸድቷል» ሲልም ጻፈ። ወዲያውም ፍላሹ ባዶ ሆኖ ታየ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠው በዚህች ቅጽበት ነው፤ አንቲቫይረሱ ፋይሎቼን አብሮ አጠፋቸው ይላልና። እርሳቸውም ፊታቸው ተለወጠ። የቀረው ሥራ ሁለቱን የመሰወሪያ ምልክቶች ማንሣት ነበር፤ ለዚህም በዊንዶውስ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ አትሪብ የሚባል ትእዛዝ አለ። ትእዛዙን በሰጠን ጊዜ ፎልደሩ በባለቤታቸው ስም ብቅ አለ።

ጽሑፉን ስንከፍተው ግን አንድም የግዕዝ ፊደል የለበትም። ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ምልክት ተዘባርቆ ሞልቶበታል። «ይህ የሱ ጽሑፍ አይደለም፤ በቃ በልቶታል» ብለው ተቀመጡ። እኛ ግን ይህን መልክ ከዚህ በፊት እናውቀው ነበር። ጽሑፉ የተጻፈው በቆየው በቪዥዋል ግዕዝ ነው። ግዕዝ በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የኛን ፊደል መልክ የሚያኖሩት በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነበር፤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የሚታየው ባለ ወንበሩ ላቲን ነው። ይህ የቫይረስ ሥራ አይደለም፤ አንቲቫይረስም አያውቀውም። ፎንቱን ስንጭን ገጹ በአንድ ጊዜ በግዕዝ ለበሰ፤ የመጀመሪያው ገጽ የምንጮች ስም ዝርዝር ነበር፤ እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ በአንድ ያነቡት ጀመር። በዚያው ቀን በዩኒኮድ ገልብጠን በሦስት ቦታ አኖርነው። በየሱቁ «ቫይረስ አበላሽቶታል» ተብለው ከተጣሉት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ፎንት ብቻ የጐደላቸው ስንት ይሆኑ?

ስለ ማግለያውም ጥቂት ማለት ይገባናል። አንቲቫይረስ ሊያድነው ያልቻለውን ፋይል ሁልጊዜ አይደመስሰውም፤ ኳራንቲን ወደሚባል ስፍራ ወስዶ፣ መሥራት እንዳይችል አሽጎ ያኖረዋል። በ2012 በኛ አቆጣጠር ኮሮና በገባ ጊዜ ወሸባ የምንለው ቃል ለዚህ ነገር የተስማማ ነው፤ ወሸባ የገባ ሰው ይወጣልና። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ይህን መዝገብ «የጥበቃ ታሪክ» በሚል ርእስ ያሳያል፤ «መልስ» የሚል ትእዛዝም አለበት። ካስፐርስኪን የመሳሰሉት ደግሞ አንድን ፋይል ለማከም ከመሞከራቸው በፊት እንዳለ ቅጂውን ያስቀምጣሉ፤ ሕክምናው ያበላሸው እንደ ሆነ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ሰዎች ግን ማግለያውን እንደ ቆሻሻ ጕድጓድ እየቈጠሩ ባዶ ያደርጉታል። ማግለያው ውስጥ የገባ ሁሉ በሽተኛ አለመሆኑንም ማስታወስ ያሻል። ሚያዝያ 2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ ያወጣው አንድ የዕለት ማሻሻያ ኤስቪሲ ሆስት የሚባለውን ንጹሕ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ በመያዙ፣ በብዙ አገር ያሉ ኮምፒዩተሮች እየጠፉ እየተነሡ ሥራ ፈትተው ነበር። ለነዚያ ኮምፒዩተሮች መድኃኒት የሆነው እስረኛውን ፈትቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

በዚህ ዘመን የከፋው ፋይልን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የሚባለው ነው። እንደ ዋን ሃፍ ቁልፉን በአጠገቡ አያኖርም፤ ዊንዶውስ ለጥንቃቄ ብሎ የሚያስቀምጣቸውን የጥላ ቅጂዎችም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይደመስሳል። በዚህ ጊዜ አንቲቫይረሱ ቫይረሱን ቢያወጣው እንኳ የተቆለፈው እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ቢሆንም ተንኰለኛም ይሳሳታል። ግንቦት 2017 በዓለም ላይ የተነሣው ዋናክራይ በዴስክቶፕና በዶክመንት ፎልደሮች ያገኛቸውን ፋይሎች ከመደምሰሱ በፊት ሌላ ነገር ይጽፍባቸው ነበር፤ በሌላ ስፍራ ያሉትን ግን ደምስሶ ብቻ ስለ ተዋቸው የጠፋ ፋይል በሚፈልጉ ፕሮግራሞች የተገኙ አሉ። «ለማንበብ ብቻ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች ደግሞ ቅጂያቸውን ቆልፎ ዋናዎቹን በመደበቅ ብቻ ትቷቸዋል፤ እንደ ገና አልጋ ሥር ማለት ነው። አድሪያን ጊኔ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የዚያ ቁልፍ መሠሪያ የሆኑት ቍጥሮች በኮምፒዩተሩ የጊዜ መታሰቢያ ውስጥ ሳይጠፉ መቅረታቸውን አገኘ፤ ሌሎች ባለሙያዎችም ይህንኑ ይዘው መፍቻ ሠሩ። መፍቻው የሚሠራው ግን በአንዳንድ የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ፣ ኮምፒዩተሩም ከተያዘ በኋላ ጠፍቶ ካልተነሣ ብቻ ነበር። ደንግጦ ማጥፊያውን የተጫነ ሰው ቁልፉን አብሮ አጠፋው።

ቴስላክሪፕት የተባለውን ያሠራጩት ሰዎች በግንቦት 2016 ሥራቸውን ሲያቆሙ፣ ኢሴት የተባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት ባለሙያ ዋናውን ቁልፍ ስጡን ብሎ ቢጠይቃቸው አውጥተው ሰጡት፤ ድርጅቱም ነጻ መፍቻ ሠራበት። የተቆለፉ ፋይሎቻቸውን ምን ይረባሉ ብለው ያልጣሉ ሰዎች ያን ጊዜ ከፈቷቸው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የኔዘርላንድ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት የአንቲቫይረስ ድርጅቶች «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባለውን አገልግሎት አቋቋሙ፤ የተቆለፈ ፋይል ናሙናና ወንጀለኞቹ የተዉት ማስታወሻ ሲሰጠው መፍቻ ተገኝቶ እንደ ሆነ ይነግራል። ከኛ ዘንድ የአንድ ወዳጃችን ዲስክ አለ፤ በላዩ በእርሳስ ቀኑንና ፋይሎቹ የያዙትን እንግዳ ቅጥያ ጽፈንበታል። በየስድስት ወሩ ናሙናውን እንልካለን፤ ባለፈው ወር የመጣው መልስ «እስካሁን መፍቻ የለም» የሚል ነበር። ዲስኩ ወደ መሳቢያው ተመልሷል።